ወሰንና ውሳኔ፦ የድንበር አሳብ በታሪክ፣ በሳይንስና በኪነ ጥበብ

ወሰንና ውሳኔ ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። «ወሰነ» የተባለ ሰው ወይ በአንድ ጉዳይ ላይ ቁርጥ አሳብ ሰጥቷል፤ ወይ አንዱን መሬት ከሌላው ለይቷል። ቋንቋውን የፈጠረው ሕዝብ ሁለቱን ተግባሮች በአንድ ግሥ መጥራቱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ወንዝ ይፈሳል፤ ተራራም ባለበት ይቆማል፤ ወንዙን ወይም ተራራውን ወሰን የሚያደርገው ግን የሰው ውሳኔ ነው።

በአማርኛችን ለዚህ ጉዳይ የተመደቡት ቃላት ጥቂት አይደሉም። ድንበር ሁለት ጎረቤታሞችን የሚያገናኝ ነው፤ ድንበርተኛ የሌለው ድንበር አይኖርም። ጠረፍ በመሐል አገር ሆኖ ወደ ውጭ ለሚመለከት ሰው የአገሩ መጨረሻ ነው፤ በዚያው በጠረፉ ተወልዶ ላደገው ሰው ግን መጨረሻ ሳይሆን መንደሩ ነው። ክልል «ከለለ» ከሚለው ግሥ የወጣ በመሆኑ ዙሪያውን የተከበበ ቦታን ያመለክታል። ዳር፣ ጠርዝ፣ አጥር፣ ደጃፍ እያልን ብንቀጥል እያንዳንዱ ቃል የየራሱን አመለካከት ይዞ እናገኘዋለን።

የዕውቀት ዘርፎችም እንዲሁ ናቸው። የሕግ ሰው፣ የጂኦግራፊ ሊቅ፣ የተፈጥሮ ተመራማሪ፣ የአንትሮፖሎጂ ባለሙያ፣ ሠዓሊና የሕንፃ ጥበብ ሰው «ወሰን» ሲሉ አንድ ቃል ቢጠቀሙም የሚያዩት ነገር ለየቅል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ልዩነት በአንድ የታወቀ ታሪክ ላይ ማሳየት ነው። ታሪኩም በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በኢትዮጵያና በኢጣልያ ቅኝ ግዛት በኤርትራ መካከል የተሰመረው ወሰን ነው። ከዚያ በፊት ግን ወደ ኋላ ራቅ ብለን የነገሩን መነሻ እንመልከት።

ከድንጋይ ሐውልት እስከ ቃላድ

ስለ ድንበር ጠብ በጽሑፍ ከተላለፉልን ማስረጃዎች መካከል እጅግ ቀደምት ከሆኑት አንዱ የሚገኘው በደቡብ መስጴጦምያ ነው። ከዛሬ 4500 ዓመት ገደማ በፊት ላጋሽና ኡማ የተባሉ ሁለት ጎረቤታም ከተሞች በአንድ ለም የእርሻ መስክ ምክንያት ይጣሉ ነበር። መሲሊም የተባለ የኪሽ ከተማ ንጉሥ በመካከላቸው ገብቶ መሬቱን ለካና የወሰን ሐውልት አቆመ። ከጊዜ በኋላ አንድ የኡማ ገዢ ሐውልቱን ሰባብሮ ወደ ላጋሽ መስክ ዘመተ። ጦርነቱ በትውልድ ላይ ትውልድ እየተተካ ሲቀጥል ኤአናቱም የተባለው የላጋሽ ገዢ ድል አደረገና ሌላ ሐውልት አስቀረጸ።

ይህ ሐውልት ዛሬ ስብርባሪው በፓሪስ በሉቭር ቤተ መዘክር ይገኛል፤ «የጥንብ አንሣዎች ሐውልት» በመባል ይታወቃል። በአንድ ገጹ ላይ ጋሻቸውን ደርድረው የሚሄዱ ወታደሮችና የጠላትን ራስ እየነጠቁ የሚበሩ ጥንብ አንሣዎች ተቀርጸዋል። በሌላው ገጽ የላጋሽ አምላክ ጠላቶቹን በመረብ ውስጥ አስገብቶ ይዟቸው ይታያል። በዙሪያውም ስለ ወሰኑ የተገባው መሐላ ተጽፏል። ስለዚህ ከዚህ ድንጋይ ላይ የሕግ ሰው ውልን፣ የታሪክ ሰው ጦርነትን፣ ሠዓሊ ደግሞ ሥዕልን ያነባል። የድንበር ታሪክና የኪነ ጥበብ ታሪክ ገና ከጥዋቱ የተዛመዱ መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ ማግኘት ያዳግታል።

በአገራችንም በሰሜኑ የርስት ሥርዓት የእርሻ ወሰን የሚታወቀው በጅረት፣ በሸንተረር፣ በዋርካ፣ በመንገድና በተተከለ ድንጋይ ነበር። ከምልክቱም በላይ ምልክቱን የሚያውቀው ሽማግሌ ይበልጥ ነበር። የተጣሉ ወሰንተኞች ሽማግሌ ይዘው ወደ ስፍራው ወርደው፣ በእግር እየዞሩ፣ አባቶቻቸው እስከ የት እንዳረሱ እያስመሰከሩ ይካሰሱ ነበር። የመሬት ስጦታዎች ብዙውን ጊዜ በወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይመዘገቡ ስለ ነበር ቅዱሱ መጽሐፍ የመሬት መዝገብም ሆኖ አገልግሏል። ወሰኑን ያጸናው የምስክሩ ትዝታ፣ የመሐላው ፍርሃትና የጎረቤት ይሉኝታ በአንድነት ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል የተስፋፋው ቃላድ ግን ሌላ ዐይነት ዕውቀት ይዞ መጣ። ቃላድ የመለኪያ ገመድ ነው። በእርሱ የተለካው መሬት በጋሻ ይቆጠራል፤ አንድ ጋሻም 40 ሄክታር ያህል ነው። ገመዱ የዋርካውን ስም አይጠይቅም፤ የሽማግሌውንም ቃል አይሰማም፤ የሚያውቀው ርዝመትና ስፋት ብቻ ነው። በልኬታው የመንግሥትና የባለ ሥልጣን ድርሻ እየተለየ ሲሄድ፣ መሬቱን ሲያርስ የኖረው ገበሬ በብዙ ስፍራ በገዛ ቀዬው ገባር፣ ቀጥሎም ጭሰኛ ሆነ። ይህ የመሬት ይዞታ ያከተመው የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ባደረገው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ነው። ልኬታ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ያለ እርሱ ትክክለኛ ግብርም፣ ትክክለኛ ድልድልም አይኖርም። ነገር ግን ለኪው ማን እንደሆነና ለማን እንደሚለካ ሳይጠየቅ ልኬታውን ብቻ ማመን የቃላድ ታሪክ ያስተማረንን መዘንጋት ይሆናል።

በ19 ዓመት ውስጥ አራት መለኪያ

እንግዲህ ወደ ሰሜኑ ወሰን እንምጣ። ከ1881 እስከ 1900 ዓ.ም. ባሉት 19 ዓመታት ውስጥ ይህ ወሰን በአራት የተለያዩ መንገዶች ተበይኗል።

የመጀመሪያው በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል ነው። ይህ ውል በ17ኛው አንቀጹ የትርጉም ልዩነት ይበልጥ የታወቀ ቢሆንም ስለ ወሰን የሚናገረው 3ኛው አንቀጽ ነው። አንቀጹ ወሰኑ የደጋውን ጠርዝ እንዲከተል አደረገ፤ ከአራፋሊ ተነሥቶ ሃላይን፣ ሰገነይቲንና አስመራን ለኢጣልያ ሰጠ፤ ከዓዲ ዮሐንስ ወዲያ ደግሞ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ቀጥ ያለ መሥመር አዘዘ። መለኪያው እንግዲህ የመሬቱ ከፍታና ዝቅታ ነበር።

ሁለተኛው ከዐድዋ ድል በኋላ የመጣ ነው። በጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌን ውል ሰረዘና የወሰኑን ጉዳይ ለወደፊት ድርድር አቆየው። በ1892 ዓ.ም. የተደረገው ውል ወሰኑን ከምዕራብ ከቶማት ተነሥቶ በቶድሉክ፣ በመረብ፣ በበለሳና በሙና በኩል እንዲያልፍ ወሰነ። በዚህም የወሰኑ ዋነኛ መለኪያ ወንዝ ሆነ።

ሦስተኛው የ1894 ዓ.ም. ውል ሲሆን የምዕራቡን ክፍል ለወጠ። አዲሱ መሥመር የሰቲትን ወንዝ ተከትሎ ሄዶ፣ በማይተብ በኩል ወጥቶ፣ መረብና ማይ አምበሳ ከሚገናኙበት ይደርሳል። ከዚህ በተጨማሪ ሁለቱ መንግሥታት የሚልኳቸው ሰዎች መሥመሩን በመሬት ላይ ሲያመለክቱ የኩናማ ሕዝብ በኤርትራ በኩል እንዲሆን አድርገው እንዲያሰምሩት አዘዘ። በዚህ ጊዜ ሕዝብ ራሱ መለኪያ ሆነ ማለት ነው።

አራተኛው የ1900 ዓ.ም. ውል የምሥራቁን የአፋር በረሃ የሚመለከት ነው። እዚያ ወሰኑ ከቀይ ባሕር ዳርቻ 60 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከዳርቻው ጎን ለጎን፣ እስከ ፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ድረስ እንዲሄድ ተደረገ። ወንዝም፣ ተራራም፣ መንደርም አልተጠቀሰም። መለኪያው ርቀት ብቻ ሆነ።

በአራቱም ውሎች ላይ የተጻፉት ቃላት አጭርና ግልጽ ይመስላሉ። ግልጽነታቸው የሚፈተነው ግን ከወረቀቱ ወደ መሬት ሲወርዱ ነው። የወሰን ሥራ አዋቂዎች ወሰንን በጽሑፍ መወሰንና ችካል ተክሎ በመሬት ላይ ማመልከት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን አጥብቀው ያስተምራሉ። በሰሜኑ ወሰን የመጀመሪያው ሥራ ሲከናወን ሁለተኛው ሳይሟላ ቀረ።

አራቱ መለኪያዎች በባለሙያ ዐይን

የደጋ ጠርዝ ወሰን ይሁን ሲባል የተፈጥሮ ተመራማሪው ጠርዙ የት ነው? ብሎ ይጠይቃል። የአገራችን ገበሬ ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ ብሎ አገሩን ሲከፍል የሚያየው የሚበቅለውን እህል፣ የሚነፍሰውን ነፋስና የሚወርደውን ዝናብ ነው። የዘመኑ ሳይንስ በበኩሉ ወይና ደጋን ከባሕር ወለል በላይ ከ1500 እስከ 2300 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ ይመድበዋል። ይሁን እንጂ በ2299 ሜትር ላይ ያለ ማሳ ወይና ደጋ፣ በ2301 ሜትር ላይ ያለው ደጋ ነው ብሎ የሚከራከር ገበሬ የለም። ሥነ ሕይወት አንዱ የዕፀዋት ዓለም ከሌላው ጋር የሚዋሐድበትን ቀበቶ ለብቻው ያጠናል፤ በዚያ የሁለቱም ወገን ዕፀዋትና እንስሳት አብረው ሊገኙ ይችላሉና። ተፈጥሮ አብዛኛውን ጊዜ ወሰኗን የምታሰምረው በቀጭን ክር ሳይሆን በሰፊ መቀነት ነው።

ስለ ወንዝ ደግሞ የጂኦግራፊ ሰው የሚለው አለው። መረብ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይደለም፤ በክረምት ሞልቶ ይወርዳል፣ በበጋ አሸዋ ሆኖ ይከርማል፤ ወደ ሱዳን ከገባ በኋላም በከሰላ አካባቢ በአሸዋ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። ጥንት የመሐል አገር ሰው ከወንዙ ማዶ ያለውን አገር «መረብ ምላሽ» ሲል መረብ መሻገሪያ ያለው ደጃፍ ነበር። በ1892 ዓ.ም. ውል ግን መዝጊያ ተሠራለት። በስም የተጠቀሰው የበለሳ ወንዝም ከአንድ በላይ ገባር ቅርንጫፍ ያለው በመሆኑ «በለሳ» ማለት የትኛው ነው? የሚለው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በኋላ የሕግ ሊቃውንትን አከራክሯል። ጀርመናዊው ጂኦግራፈር ፍሪድሪኽ ራትሰል እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው የፖለቲካ ጂኦግራፊ መጽሐፉ በእውን ያለው የድንበር ቀጠና እንደሆነና መሥመሩ ከዚያ የተጨመቀ አሳብ ብቻ እንደሆነ ጽፎ ነበር። ራትሰል መንግሥትን እንደሚያድግ ሕያው አካል መመልከቱ በኋላ ለወረራ መከራከሪያ ሆኖ መጥፎ አገልግሎት ቢሰጥም፣ ስለ ቀጠናና ስለ መሥመር የተናገረው ግን ዛሬም ይጠቀሳል።

ሕዝብ መለኪያ ሲሆን ጥያቄው ወደ አንትሮፖሎጂ ይሻገራል። የ1894 ዓ.ም. ውል አንድ ሕዝብ በአንድ መሥመር ወዲያ ወይም ወዲህ ተጠቃሎ ሊቀመጥ ይችላል ብሎ ያስባል። ኖርዌያዊው ፍሬድሪክ ባርት እ.ኤ.አ. በ1969 አዘጋጅቶ ያሳተመው «የብሔረሰብ ቡድኖችና ወሰኖች» የተሰኘ የጥናት ስብስብ ይህን አስተሳሰብ ከሥሩ የመረመረ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ጥናቶች አንዱ የካርል ኤሪክ ክኑትሰን ሲሆን የተመሠረተው በደቡብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ግንኙነት ላይ ነው። የባርት ዋና ነጥብ ሰዎች ወሰኑን እየተሻገሩ ሲገበያዩ፣ ሲጋቡና ሲኖሩ ወሰኑ ራሱ ሳይፈርስ ሊቆይ ይችላል የሚል ነው። ስለዚህ በሕዝቦች መካከል ያለ ወሰን የሚገኘው በመገናኘታቸው ውስጥ ነው፤ መሬት ላይ ፈልገው አያገኙትም። ኩናማ ዛሬ በሁለቱ አገሮች፣ አፋር በሦስት አገሮች፣ ትግርኛ ተናጋሪውም ሕዝብ በመረብ ወዲህና ወዲያ የሚኖር መሆኑ ይህንኑ ያስረዳል።

የቀረው ርቀት ነው። ርቀት ከሁሉ የማያከራክር መለኪያ ይመስላል። ዳሩ ግን «ከባሕር ዳርቻ 60 ኪሎ ሜትር» ሲባል የትኛው ዳርቻ? የባሕር ዳርቻ ባሕረ ሰላጤ፣ ልሳነ ምድርና ደሴት የበዛበት ጥምዝምዝ ነገር ነው። እንግሊዛዊው ሊዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን በጎረቤት አገሮች መካከል ያሉ ወሰኖችን ርዝመት ሲያጠና የስፔንና የፖርቱጋልን የጋራ ወሰን ስፔን 987፣ ፖርቱጋል ደግሞ 1214 ኪሎ ሜትር ብለው መመዝገባቸውን አገኘ። ማንም አልዋሸም። በአጭር መለኪያ የለካ እያንዳንዷን ጥምዝ ስለሚቆጥር ርዝመቱ ይጨምርበታል፤ በረጅሙ የለካ ብዙውን ዘሎ ያልፋል። ይህን ግኝት መነሻ ያደረገው ቤንዋ ማንደልብሮ እ.ኤ.አ. በ1967 የብሪታንያ የባሕር ዳርቻ ርዝመት ስንት ነው? ብሎ ጠይቆ መልሱ በመለኪያው እንደሚወሰን አሳየ። ለካስ ሒሳብም ከውሳኔ አያመልጥም።

በዚያው በአፋር ምድር ሥር ደግሞ ጂኦሎጂ የሚያጠናው ሌላ ወሰን አለ። የኑብያ፣ የሶማሊያና የዓረቢያ ታላላቅ የምድር ቅርፊቶች የሚለያዩት እዚህ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የምድር ክፍል በቀናት ውስጥ ተሰነጠቀ፤ በአንዳንድ ስፍራም እስከ 8 ሜትር ድረስ ተከፈተ። ዲፕሎማቶች ካሰመሩት ጋር አንዳች ዝምድና የሌለው ይህ ወሰን ውል አልተፈረመለትም፤ የሚንቀሳቀሰውም በራሱ ሕግ ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ

በወረቀት ላይ የቀረው መሥመር ዋጋ የተከፈለበት በ1990 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ሚያዝያ መጨረሻ በባድመ አካባቢ የተጀመረው ግጭት ሁለቱን ሕዝቦች ወደ ጦርነት አስገባ፤ እስከ 1992 ዓ.ም. ድረስም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሕይወት ጠፋ። የተኩስ ማቆሙ ስምምነት 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ጊዜያዊ የጸጥታ ቀጠና በኤርትራ ግዛት ውስጥ እንዲከለል አደረገ። ሰላም ማስከበሪያው እንግዲህ ከመሥመር ይልቅ መቀነት ነበር።

በታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ በተፈረመው ስምምነት አምስት የሕግ ሊቃውንት ያሉበት የድንበር ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ ሊመረምር የተሰጠው ሰነድ የ1892፣ የ1894 እና የ1900 ዓ.ም. ውሎች ነበሩ። ማይተብ የተባለው ወንዝ የትኛው እንደሆነ፣ የኩናማ ምድር እስከ የት እንደሚደርስ፣ 60 ኪሎ ሜትሩ ከየት ጀምሮ እንደሚለካ ለማወቅ የቅኝ ግዛት ዘመን ካርታዎች አንድ በአንድ ተዘረጉ። ውሳኔው በሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ተሰጠ፤ የ1894ቱ ውል በተፈረመ ልክ በመቶኛው ዓመት መሆኑ ነው። በውሳኔው ባድመ በኤርትራ በኩል ሆነች። ኢትዮጵያ ተቃውሞ አነሣች፤ ችካል መትከሉም ሳይከናወን ቀረ። ኮሚሽኑ በ2000 ዓ.ም. ሥራውን ሲዘጋ ወሰኑን በኬክሮስና በኬንትሮስ ቁጥሮች ብቻ አመልክቶ ነበር። ኢትዮጵያ ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ እንደምትቀበል ያስታወቀችው በ2010 ዓ.ም. ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ማን ትክክል ነበር የሚለውን መዳኘት የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነው። በ1894 ዓ.ም. አንድ ውል ወንዝንና የሕዝብን አሰፋፈር አንድ ላይ መለኪያ አደረገ። ሁለቱ መለኪያዎች ግን በመሬት ላይ አልተስማሙም። መሥመሩ በእርሻው መካከል የሚያልፍበትን ገበሬና በግጦሹ መካከል የሚያልፍበትን አርብቶ አደር ማንም አልጠየቀውም። ያ ያልተጠየቀ ጥያቄ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፎ የልጅ ልጆቻቸው በጦር ሜዳ አገኙት።

የኪነ ጥበብ ሰው ወሰን

የኪነ ጥበብ ሰዎች በዚህ ጉዳይ የሚያውቁት ከሌሎቹ የማያንስ ነው። ክብ ሆነው የተሠሩት ቤተ ክርስቲያኖቻችን በውስጣቸው በሦስት ይከፈላሉ፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ። አናጺውና ግንበኛው እነዚህን ወሰኖች ያቆሙት ሰው ሁሉ በውጭ እንዲቀር ብለው አይደለም፤ እያንዳንዱ በየመዓርጉ የሚገባበትን ደረጃ ለማሳየት ነው። ወሰኑ በር አለው፤ በሩም መጋረጃ አለው፤ ድምፅና ዕጣን ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋሉ።

የሐረር ጁገል ግንብም በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ሲሠራ አምስት በሮች ነበሩት። ግንቡ ከተማይቱን ከጠላት ሲጠብቅ፣ በሮቹ ደግሞ ገበያተኛውንና ሲራራ ነጋዴውን ያስገቡ ነበር። በር የሌለው ግንብ ለነዋሪው እስር ቤት ነው፤ ሐረር የንግድ ከተማ ሆና የኖረችው በግንቡም በበሮቿም ነው።

በብራና መጻሕፍት ደግሞ ሐረግ አለ። ሐረግ የምዕራፉን መጀመሪያ ከላይና ከጎን የሚከብ የቀለም ጌጥ ነው። ጸሓፊው አንዱ ክፍል ማለቁንና ሌላው መጀመሩን የሚያሳየው በዚህ ነው፤ አንባቢው ግን ሐረጉን እንደ አጥር አይፈራውም፤ ዐይኑን አሳርፎበት ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

በሥዕል ረገድ ከባድ የሆነውም ወሰን አለ። በባህላዊ ሥዕላችን ደግ ሰው በሙሉ ፊቱ፣ በሁለት ዐይኖቹ ሲሣል፣ ክፉ ወይም ጠላት የሆነው በጎን፣ በአንድ ዐይኑ ብቻ ይሣላል። የዐድዋን ጦርነት የሚያሳዩት የታወቁ ሥዕሎችም ይህንኑ ልማድ ይከተላሉ። ሠዓሊው አንዲት ችካል ሳይተክል ሁለት ወገን ለየ። ይህ ወሰን ከወራሪ ጋር በተደረገ ጦርነት የተሰመረ በመሆኑ ምክንያቱ ይገባናል። ያው ብሩሽ ነገ በወንዝ ማዶ የሚኖረውን ጎረቤት በጎን ቢሥለው ግን ውጤቱ ከማንኛውም ቀያሽ መሥመር የከፋ ሊሆን ይችላል። ቀያሽ የሚለየው መሬት ነው፤ ሠዓሊ፣ ደራሲና ተዋናይ የሚለዩት ልብ ነው።

ስለዚህ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የአገሩን ካርታ ሲያሰምር የወሰኑን መልክ ማስጠናት ብቻ አይበቃውም። ይህ መሥመር መቼ፣ በማን፣ በየትኛው መለኪያ ተወሰነ? በዚያ የሚኖረው ሰው ምን ይለዋል? ብሎ ተማሪውን ማስጠየቅ አለበት። በሕዝብ አስተዳደር ላይ የተሠማራውም በሁለት ቀበሌ መካከል የግጦሽ ወሰን ለመለየት ሲወርድ ካርታውን፣ ሽማግሌውንና የክረምቱን ጎርፍ አብሮ ማማከር ይገባዋል። የኪነ ጥበብ ሰው በበኩሉ ማንን በሙሉ ፊቱ፣ ማንን በጎኑ እንደሚሥል ደጋግሞ ሊያስብበት ይገባል።

መሲሊም ያቆመው የድንጋይ ሐውልት ተሰባብሯል። ሊቆም የነበረውን ጠብ አላስቆመም፤ የመሰበሩ ወሬ ግን በሸክላ ላይ ተጽፎ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ድንጋዩን የሚያቆመው የጎረቤታሞቹ ስምምነት ነበር፤ ስምምነቱ ሲፈርስ ድንጋዩም አብሮት ወደቀ።